ኤፍሬሜ፣ ባቡሮችህ ለምን ይቆሙ እንደነበር አገኘሁት

ውዴ ኤፍሬሜ፣

ከተለየኸኝ እነሆ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። "እንደምን አለህ" ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና፣ ለሄደ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ቆም አልኩ። አንተ ከፋብሪካ ስትመለስ ገና ጫማህን ሳታወልቅ "እሺ አስቱ፣ ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኝ አልነበር? ከዚያው ልጀምር። አዲስ ነገር አለ፤ ስማኝ።

የቤቱን ላስቀድም። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ አንዱ ቅርንጫፍ ተሰነጠቀና የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ይዞት ወረደ። ቆርቆሮውን ወንድሜ ማርቆስ መልሶ መታልኝ። ማርቆስ አሁን የዓሣ ፒካፕ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጭኖ ወደ ከተማ ያመጣል፤ እኛ ቤት የመጣ ቀን ሽታው ከሱ ቀድሞ ይገባል። እናቴ ከካምባ መጥታ አንድ ወር አብራኝ ቆየችና "ይሄን ሙቀታችሁን አልችለውም" ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ ያው አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጅ ሳንወልድ የኖርንበት ቤት ድሮም ጸጥ ያለ ነበር፤ ከጓሮው ክፍል ግን የፒንሳህና የመዶሻህ ድምፅ ይሰማ ነበር። እሱም ቀርቶ ነበር።

ዋናው ወሬዬ የዚያ ክፍል ነው።

ከቀብርህ በኋላ ብዙ ወር በሩን አልከፈትኩትም። ስለ ሐዘን ብቻ እንዳይመስልህ። እኔ ያንን ጠረጴዛ እፈራው ነበር። ያቺን ቅዳሜ ታስታውሳታለህ? መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ያ የፋብሪካችሁ ፈረንጅ መሐንዲስ ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ሲሄድ "አንተ የባቡር ሰው ነህ" ብሎ የሰጠህን የመጫወቻ ባቡር ሳጥን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ ጨርሰህ ነበር። ሁለት ትንንሽ ጎታች ባቡሮች፣ አሥራ አንድ ፉርጎ፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ሐዲድ። ተራራውን ከጋዜጣና ከሙጫ ሠራኸው፣ ሣሩን ከተቀባ ሰጋቱራና ከእንሰት ቃጫ። ከሳጥኑ የመጣው የኤሌክትሪክ መሣሪያ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ተቃጥሎብህ ስለነበር፣ ከተጣለ ምድጃ ጥምዝምዝ ሽቦ ሁለት መቆጣጠሪያ ሠራህ፤ ሁለቱንም በአንድ የመኪና ባትሪ አያያዝክ። ሐዲድ ተዘርግቶባት በማታውቅ ከተማ፣ የድሬዳዋ ልጅ የድሬዳዋን ጣቢያ ጓሮው ውስጥ ገተረ።

"አስቱ፣ ነይ እስቲ ይቺን እጀታ ያዢልኝ" አልከኝ።

"ደብተር እያረምኩ ነው።"

"አንዴ ብቻ። እኔ ወደ ፊት ስነዳ አንቺ የራስሽን ወደ ኋላ አዙሪው።"

መጣሁና አዞርኩት። ሁለቱም ባቡሮች ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጭስ ተነሳ፣ የሽቦ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። አንተ እንዲያ ስትጮህብኝ የመጀመሪያህም የመጨረሻህም ነበር። "ምን አደረግሽ? ተዪው! እጅሽን አንሺ ከዚያ!" አዙሪ ያልከኝ አንተ ነህ ብዬ ጥዬ ወጣሁ። ማታ ይቅርታ ጠየቅከኝ፣ እኔም እሺ አልኩህ፤ ግን ከዚያ በኋላ ወደዚያ ክፍል አልገባሁም። አንተም ዳግመኛ አልጠራኸኝም። ሁለት ዓመት ብቻህን ስትታገል ኖርክ፣ ከዚያ ጉበትህ ታመመና ሦስት ወር ብቻ ሰጠን። እኔ በልቤ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የቀበርኩህ። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

በሩን ያስከፈተኝ የአባትህ ደብዳቤ ነው። አዎ፣ የአባባ ወልዴ። ዓመትህ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ከድሬዳዋ አንድ ፖስታ መጣ፤ ውስጡ ከወረቀት ሩብ የማይበልጥ ቁራጭ፦ "የልጄ ዓመት ሲደርስ እመጣለሁ። ጤና ካለኝ። ወልዴ።" አሥራ ሰባት ዓመት ያልተያየ አባት! አንተ የምድር ባቡር ሥራህን ለቅቀህ ወደ ደቡብ ስትመጣ "የሐዲድ ልጅ ሐዲድ ጥሎ አይሄድም" ብለው እንደተቆጡህና ሠርጋችን ላይ እንዳልተገኙ እንጂ፣ ባቡር ነጂ ስለመሆናቸው እንኳ ብዙ አልነገርከኝም። አሁን ቤቴ ሲመጡ ምን አሳያቸዋለሁ? ፎቶ እንዳላሳያቸው አንተ በየፎቶው ዓይንህን ጨፍነሃል። የፋብሪካ ቱታህን ላሳያቸው? ሳስበው ሳስበው፣ እዚህ ቤት ውስጥ የልጅነትህን አገር የሚያሳይ ነገር ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ከፈትኩት።

አቧራውን ጠርጌ ከሥሩ ተንበርክኬ ቀና ስል ምን እንዳየሁ ልንገርህ? የሽቦ ዱር! ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ፣ ያልተጠቀለለ። በመጀመሪያው ቀን ዝም ብዬ አየሁት። በሁለተኛው ቀን አንዱን ቀይ ሽቦ በጣቴ ይዤ የት እንደሚሄድ ተከተልኩት። ካንዷ ማብሪያ ወጥቶ በተራራው ሥር አልፎ ሐዲዱ ላይ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተከተልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ ራሱ ወደ ጓሮ ይወስደኝ ጀመር። አንድ ነገር ያልገባኝ እንደሆነ ምን እንደምሆን ታውቃለህ፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል።

ከዚያ ባለካሬ ደብተርህን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ባቡሮቹን ለመንዳት ሦስት መንገድ አስበህ ኖሯል። መጀመሪያው ቀላሉ ነው፤ አንድ ባትሪ፣ አንድ መቆጣጠሪያ፣ ሐዲዱ በሙሉ ለአንድ እጅ የሚታዘዝ። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘኸዋል። ለምን? አንድ ባቡር ዞሮ ዞሮ ቢመጣ ምን ጎደለህ?

ሁለተኛው ፈረንጁ ከተወልህ መጽሔት ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ምሽት አነበብኩት። አዲስ የወጣ ዘዴ ነው ይላል። በእያንዳንዱ ጎታች ባቡር ሆድ ውስጥ ከጥፍር የምታንስ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ ይከታሉ፤ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ኃይል አለ፤ ትእዛዙ በቁጥር ተጽፎ በዚያው ሐዲድ ይሄዳል፤ አንዱ ባቡር የራሱን ቁጥር ሲሰማ ይታዘዛል፣ ሌላው የኔ አይደለም ብሎ ዝም ይላል። ኤፍሬሜ፣ ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ! ስም ጠርቼ ካልሆነ ዞር የማይሉትን አራተኛ ክፍሎች መሰሉኝ። አንተም ጠርዙ ላይ "ድንቅ ነው!" ብለህ ጽፈሃል። ከሥሩ ደግሞ በትንሹ "ግን አባባ እንዲህ አይነዱም።"

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባባ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው?

ሦስተኛው መንገድ አንተ የጀመርከው ነው፦ ሁለት መቆጣጠሪያ፣ ስድስት ክልል። አንደኛው ሐዲድ ሙሉ ነው፤ ለሁሉም የጋራ መመለሻ። ሌላኛው ሐዲድ ስድስት ቦታ ላይ በመጋዝ ተቆርጧል። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ማብሪያ አለው። ወደ ላይ ሲሉት ክልሉ ለመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ይታዘዛል፣ ወደ ታች ሲሉት ለሁለተኛው፣ መሐል ላይ ሲያቆሙት ማንም አይነዳበትም። አንዱ ነጂ ወደሚቀጥለው ክልል ለመግባት ሌላኛው እንዲለቅለት መጠየቅ አለበት። አገሩ ሁሉ በክልል ሲከፈል አንተም ጓሮ ሐዲድህን ከፈልከው ወይ ብዬ ቀልጄብህ ነበር፤ ቀጣዩን ገጽ እስክገልጥ ድረስ።

ቀጣዩ ገጽ ላይ የጠረጴዛው ሥዕል አለ። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ለምን ቁመታቸው እንደማይመሳሰል ራሴን ስጠይቅ ነበር፤ አንዱ ለቆመ ሰው ነው፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። ልኬት የተሳሳትክ መስሎኝ ነበር። በሥዕሉ ላይ በከፍተኛው ሥር "እኔ" ይላል፤ በዝቅተኛው ሥር "አባባ (ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ተቀምጠው)" ይላል። ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር፦ "ሁለቱ ባቡር አንድ ቀን ሙሉ ሳይቆም ከዋለ፣ አባባን እጠራለሁ።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ አንተ ስትጠብቅ የነበረው ይቅርታ የምትለውን ቃል ሳይሆን የምትሠራ ሽቦ ነበር። ደግሞም ሳይሠራልህ ቀረ። ለምን? ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረበጠህ ምን ነበር? እኔ አዙሬ የሰበርኩት ምን ነበር? ቀላሉን መንገድ ላለመምረጥ የወሰንኩት ያኔ ነው። ጊዜው ሁለት ወር አይሞላም፣ ሽቦ የሚያውቅ እጅ የለኝም፤ ግን አባባ ሲመጡ በአንድ መቆጣጠሪያ የሚዞር መጫወቻ አላሳያቸውም አልኩ።

ጓደኛህን ዘለቀን፣ የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን፣ ለምኜ አመጣሁት። ጠረጴዛውን ሲያይ "ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድ ቀን አላማከረኝም!" ብሎ አዘነብህ። ኩራትህን ስለማውቅ ይቅር በለው አልኩት። ስታኞ አቅልጬ ሽቦ ከሐዲድ ጋር ማጣበቅ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ጣቴን አቃጠልኩ፣ በሦስተኛው የኔ ካንተ በለጠ፤ አትቆጣ፣ ዘለቀም መስክሯል። ደግሞ አንድ ብልሃት ሰጠኝ፤ ከባትሪው በሚወጣው ሽቦ መሐል የመኪና ፍሬቻ አምፖል አስገባ። "ቲቸር፣ ሁሉ ነገር ሰላም ከሆነ አምፖሏ ጭልጭል ብትል ነው። ኮንታክት ከተፈጠረ ቦግ ትላለች፤ ሽቦሽ ግን አይቃጠልም።"

ሁለቱን ባቡሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ነዳናቸው። ሰላም። ዘለቀ የሱን ወደ ኋላ አዞረው። ቦግ! ሁለቱም ቆሙ። መለሰው፤ አምፖሏ ደከመች፣ ባቡሮቹ ሄዱ። እንደገና አዞረው፤ ቦግ። ያቺ ቅዳሜ፣ ያው ራሷ፣ ያለ ጭስ።

ዘለቀ እያንዳንዱን መቆጣጠሪያ ለብቻው ሞከረው፤ ደህና ነው። ክልሎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ደህና ናቸው። ራሱን አከከና "ቲቸር፣ አንዱን መቆጣጠሪያ ተዪው። በአንዱ ያምራል" ብሎኝ ወደ ፈረቃው ሄደ።

አልተውኩም። የአባያ ንፋስ ያመጣው እርጥበት ቃጫውን አርሶት ይሆናል ብዬ ሣሩን ሁሉ ነቅዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ የጎረቤታችን ዶሮዎች ግማሹን በተኑት። ቦግ። የፉርጎዎቹ ብረት ጎማ ይሆናል ብዬ ፉርጎዎቹን ፈታሁ። ቦግ። ጣቢያው ላይ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት መገንጠያ ይሆናል ብዬ ነቀልኩት። ቦግ። አንድ ነገር ግን ማስተዋል ጀመርኩ። አብረው ወደ ፊት፣ ሰላም። አብረው ወደ ኋላ፣ ሰላም። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ቦግ። ሁልጊዜ። የትኛውም ክልል ላይ ቢሆኑ። የተበላሸ ሽቦ እንዲህ አይመርጥም፤ የተበላሸ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያመው። ይሄኛው ግን ሕግ አለው። ሕግ ያለው ነገር ደግሞ የሒሳብ ነው።

በማግሥቱ ተማሪዎቼ ለዕረፍት ሲወጡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጠረጴዛህን ሳልኩት። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣውን ሁሉ በቀይ ጠመኔ፣ ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰውን በሰማያዊ። ሁለቱም ወደ ፊት ሲሄዱ የጋራው ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። አመረ። ከዚያ ያንተን አዞርኩና እንደገና ቀለም ቀባሁ። በኔ በኩል የጋራው ሐዲድ ሰማያዊ ነው፤ ባንተ በኩል ግን ቀይ ሆኖ መጣ። አንዱ ብረት ላይ ቀይና ሰማያዊ ተገናኙ። ጠመኔው በእጄ ላይ ቀረ። ባትሪው በባቡሮቹ በኩል ሳያልፍ በአቋራጭ ከራሱ ጋር ተገናኝቷል! ሽቦህ አልተሳሳተም፤ መቆጣጠሪያህም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሁለት ነጂ ከአንድ ባትሪ መጠጣቱ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ ባትሪ ቢሰጠው፣ የአንዱ ቀይ የሚፈልገው የራሱን ሰማያዊ ብቻ ነው፤ የሌላውን ቢነካውም አያውቀውም።

ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳለቅስ አገኙኝ። "ቲቸር፣ ምን ሆንሽ?" አሉኝ። "መልሱን አገኘሁት" አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ።

ማርቆስን ጠራሁት። ዓሣውን አራግፎ ነበር። "የመኪናህን ባትሪ ፍታልኝ" ስለው እህቱ በሐዘን አእምሮዋ የተነካ መስሎት ትንሽ አየኝና ፈታልኝ። መገንጠያውንና ፉርጎዎቹን መልሼ ገጥሜ፣ ያንተን ባትሪ ለከፍተኛው፣ የሱን ከራሱ አምፖል ጋር ለዝቅተኛው አያያዝኩ። ማርቆስ አንዱን ይዞ ወደ ፊት፣ እኔ ወደ ኋላ። አምፖሎቹ ጭልጭል እንዳሉ ቀሩ። ባቡሮቹ ጣቢያው ላይ ትይዩ ሐዲድ ይዘው ጎን ለጎን ተላለፉ። ማርቆስ በጋሞኛ ጮኸ። ዘለቀ ሲሰማ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እኔ ሽቦ ስፈልግ ባትሪውን ረሳሁት!" አለ።

ስለዚህ ስማኝ ኤፍሬሜ። ያቺን ቅዳሜ የሰበርኩት ነገር አልነበረም። አንተም አላበላሸህም። አንድ ባትሪ ብቻ ነበር የጎደለን፤ እኔ ካንተ ጋር በዚያ ክፍል ውስጥ ቆይቼ ቢሆን ምናልባት አብረን እናገኘው ነበር። ይህ ይቆጨኛል። ግን ከእንግዲህ አልፈራውም።

አባባ በሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ መጡ። መናኸሪያ ስቀበላቸው አንተ አርጅተህ የወረድክ መስሎኝ ነበር፤ ያው አንገት፣ ያው ትከሻ። እጃቸውን ሰጡኝ እንጂ አልሳሙኝም። በዓመትህ ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው ዘመሩ፣ ጸለዩ፤ የኛ የወንጌላውያን ነገር ለሳቸው እንግዳ ነውና ጥግ ይዘው በራሳቸው ጸሎት፣ በግዕዝ፣ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። ሰው ሲበተን ከሰዓት በኋላ ቀረብ ብዬ "አባባ፣ ላሳይዎት የምፈልገው ነገር አለ" አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆሙ። ዱላቸውን ተደግፈው ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ነበር መሰለህ?

"የባቡሩ የውኃ መቅጃ የታለ?"

"አልደረሰበትም ይሆናል" አልኩ።

"ያለ ውኃ መቅጃ ጣቢያ አይባልም አቦ" አሉና ገቡ። ዝቅተኛውን መቆጣጠሪያ አዩ፣ ወንበሩን አዩ፤ ምንም ሳልላቸው ተቀመጡ። ቁመቱ ልክ ነበር። እጀታውን በሁለት ጣት ነካ ነካ አደረጉት። "ሌላኛውን ማን ይነዳል?"

"እኔ።"

"ታውቂበታለሽ?"

"ሽቦውን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ቀና ብለው አዩኝ። በዚያ ቀን በደንብ ያዩኝ ያኔ ነው። ክልሎቹን አንድ ጊዜ ገለጽኩላቸው፤ ሁለተኛ አላስፈለጋቸውም። ባቡራቸውን ሲያስነሱ ፉርጎዎቹ አልተንገጫገጩም፤ እኔ ስንት ቀን ለምጄ ያልቻልኩትን። ከተራራው ጀርባ ሲደርሱ "ሦስተኛውን ልቀቂልኝ" አሉ፣ ከዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ባነሰ ድምፅ። ለቀቅኩላቸው። እኔ ከወዲያ እሳቸው ከወዲህ ወደ ጣቢያው ቀረብን። ማርቆስ ባትሪውን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ መሄድ ያለበት ሰው ባትሪ የሚል ቃል አልወጣውም።

አባባ መገንጠያው ላይ ደርሰው አቆሙ። "የልጄ ይቅደም" አሉ። ያንተ ባቡር በእጄ ነበር። አሳለፍኩት። እሳቸው እጃቸው እጀታው ላይ እንዳለ፣ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ጠበቁ።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ጎንበስ ብለው ከፊት ለፊቱ ያቆምካትን ትንሽ ዛፍ በጣታቸው ጫፍ ነኩ። "ይሄ ዛፍ የተቆረጠው እሱ ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው" አሉ። "ሥራ ሲጀምር አልነበረም። ጥሎ ሲሄድም አልነበረም። ከሥሩ እያስቀመጥኩት ነበር የምነዳው፣ እስክመለስ ሎሚ እየመጠጠ ይጠብቀኝ ነበር።" ጣታቸውን ከዛፉ አነሱ። "እኔ ሐዲዱን ጥሎ ሄደ እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት። እሱ ግን እኔን ነው የሠራው።"

ከዚያ ሳሙኝ ኤፍሬሜ። ሦስት ጊዜ። "ልጄ" አሉኝ።

ለሦስት ቀን የመጡት አባት አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። የውኃ መቅጃውን ከወተት ዱቄት ጣሳና ከቀርከሃ ሠርተን ተከልነው። ማርቆስ ጫሞ ወስዶ አዞ አሳያቸው፤ "ይሄስ ፍሬን የለውም" ብለው ተመለሱ። ዘለቀ ከተጣለ ሞተር ሳይክል ሁለተኛ ባትሪ አምጥቶልን የማርቆስ መኪና ዕረፍት አገኘች። አባባ ሲሄዱ መናኸሪያ ላይ ያንተን ነገር ብዙ አላነሱም። "ሦስተኛው ክልል ላይ ትቸኩያለሽ፣ ቀስ በይ" ብቻ አሉኝ። በየወሩ ይጽፉልኛል፤ አሁን ወረቀቱ ሙሉ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነጭ ሽቦ አለ። ከጣቢያው ይነሳል፣ በሥርዓት በሚስማር ተይዞ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ይመጣል፣ እዚያ ያበቃል። ደብተርህ ውስጥ የለም። ዘለቀም አያውቀውም፣ አባባም አላወቁትም። ለጣቢያው መብራት ነበር? ለደወል? ወይስ ጠረጴዛው ሊረዝም ነበር? ጫፉን በንጽሕና ልጠህ አዘጋጅተኸዋል፤ የሆነ ነገር ልታያይዝበት ነበር። ዘለቀ "ቆርጬ ላውጣው?" አለኝ፤ እንዳትነካው አልኩት።

እንደማልረሳህ ቃል ልግባልህ፤ ግን በኔ መንገድ ነው የምገባልህ። ሰዎች ፊትህና ድምፅህ ቀስ እያሉ ይደበዝዙብሻል ይሉኛል፤ ምናልባት እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያቺን ነጭ ሽቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሯ ተንበርክኬ አያታለሁ፣ ምን አስበህ እንደነበርም እጠይቅሃለሁ። መልሱን ባገኘው እጽፍልሃለሁ። ባላገኘውም እየጠየቅኩህ እኖራለሁ።

ያንተው አስቴር
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ